ክሮቪ ሰው ይኑርባት፦ ለአበርዲንሺር ካውንስል የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ የአበርዲንሺር ካውንስል አባላት፣

በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የምኖር ኢትዮጵያዊ ነኝ። ደብዳቤዬን በአማርኛም ያወጣሁት እዚህ አገር ያሉ ወገኖቼ ጉዳዩን እንዲያውቁት ብዬ ነው። የምጽፈው ስለ ክሮቪ፣ በዚሁ ጠረፍ ስላለችው ትንሽ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ክሮቪን ያላየ ሰው አቀማመጧን ሲነግሩት ማመን ይከብደዋል። ከኋላዋ ቀይ የአሸዋ ድንጋይ ገደል፣ ከፊቷ የሞሬ ፈርዝ ባሕር፤ መሃሉ ላይ አንድ ረድፍ ቤት ብቻ የሚያስቆም ጠባብ መሬት። አብዛኞቹ ቤቶች ለባሕሩ የሰጡት ጠባቡን የጎን ግድግዳቸውን ነው፤ ማዕበሉ ሲመጣ የሚመታው ቦታ እንዲያንስ። በቤቶቹና በውኃው መካከል ያለችው መንገድ መኪና አታሳልፍም። ነዋሪው መኪናውን መንደሩ ጫፍ ላይ አቁሞ አስቤዛውን በእጅ ጋሪ እየገፋ ይገባል።

እዚያ የሰፈሩት ሰዎች ቦታውን ወደውት አልመጡም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ባለርስቶች መሬቱን ለበግ ሲፈልጉት ከእርሻቸው የተነሡ ጭሰኞች ነበሩ። ሞፈር ይዞ ያደገ ሰው መቅዘፊያ እንዲይዝ ተገደደ። መጀመሪያ በባላባቱ ጀልባ አጠመዱ፤ ገቢያቸው ሲሻሻል የራሳቸውን ገዙ። ከጭሰኛነት ተነሥቶ የጀልባ ባለቤት መሆን ምን ማለት እንደሆነ የእኛ አገር ሰው በደንብ ይገባዋል፤ እኔ ለዚህች መንደር የምቆረቆረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ጃንዋሪ 31 ቀን 1953 የተነሣው ማዕበል ይህን ሁሉ አናጋው። የዚያን ዕለት ፕሪንሰስ ቪክቶሪያ የተባለችው መርከብ ሰጥማ 133 ሰዎች ሞቱ፤ በዚያው ሌሊት በኔዘርላንድ ከ1,800 በላይ፣ በእንግሊዝ ከ300 በላይ ሰዎች በጎርፉ አለቁ። ክሮቪ ላይ ደግሞ ቤቶችን ጠራርጎ ወሰደ። ብዙ ቤተሰቦች ለቀው ወጡ፤ ቤቶቻቸውም በጊዜ ሂደት የዕረፍት ማሳለፊያ ሆኑ። ዛሬ መንደሯ በቅርስነት የተከለለች ናት። ግድግዳዋና ጣሪያዋ የሚጠብቃቸው ሕግ አላቸው፤ ዓመቱን ሙሉ እዚያ የሚኖር ሰው ግን እንዲህ ያለ ጥበቃ የለውም።

አደጋው አላለፈም። ከዚያው ጠረፍ በስተምሥራቅ ያለችውን ፔናንን በ2007 ያጠቃት ከኋላዋ ካለው ገደል የወረደ ናዳ ነበር። ክሮቪም ባሕሩን ብቻ እያየች መኖር አትችልም።

የ1949ኙ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ሕግ ሥልጣን ይሰጣችኋል እንጂ ግዴታ አይጥልባችሁም። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የክሮቪን መንገድ፣ የባሕር ግንቧንና ገደሏን ለመጠበቅ ምን ልታደርጉ እንዳሰባችሁ፣ እስከ መቼስ እንደምትችሉ በግልጽ ጽፋችሁ ለነዋሪዎቹ አሳውቁ። መልሱ መራራ ቢሆን እንኳ፣ ቤቱን ልጠግን ወይስ ልልቀቅ ብሎ ለሚጨነቅ ሰው ከዝምታው ይሻላል።

ሁለተኛው ስለ ቤቶቹ ነው። ኤድንብራ በ2022 መላ ከተማዋን የአጭር ጊዜ ኪራይ መቆጣጠሪያ ክልል፣ ማለትም መኖሪያ ቤትን ለጎብኚ ማከራያ ለማድረግ የካውንስል ፈቃድ የሚያስፈልግበት ቦታ፣ አድርጋለች፤ ሃይላንድ ካውንስልም በ2024 በባደኖክና ስትራስፔይ አካባቢ ተከትሏታል። ካውንስሎች በ2024 በሁለተኛ መኖሪያ ቤት ላይ የቤት ግብሩን እስከ እጥፍ የማስከፈል መብትም ተሰጥቷቸዋል። እንዲህ ያለው ሥልጣን ክሮቪን ለመሰሉ የጠረፍ መንደሮች እንዴት እንደሚውል ከነዋሪዎቹ ጋር ተቀምጣችሁ ምከሩ። ከዚያ የሚገኘው ገንዘብ ቋሚ ነዋሪ ለመሆን የሚፈልጉ ወጣት ቤተሰቦችን ቢያግዝ ደስ ይለኛል። ጎብኚ አይምጣ አላልኩም፤ ኪራዩ ለአካባቢው እንጀራ መሆኑንም አውቃለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይኸኛው ጊዜ አይሰጥም። በ1953 ልጆች የነበሩ ሰዎች አሁን በሰማንያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸው። ያን ሌሊት ያዩትን፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የዓሣ ማጥመድ ኑሮ በራሳቸው አንደበትና በራሳቸው ዘዬ ቅረጹላቸው። ከሦስቱ ጥያቄዎቼ ርካሹ ይህ ስለሆነ በዚህ ዓመት ሊጀመር ይችላል።

መልሳችሁን በይፋ እንድትሰጡ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ምሥራቅ ስኮትላንድ የሚኖር ኢትዮጵያዊ