«ሲስተም የለም» ሲባል መስመሩን ከመውቀስ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

አዳማ ውስጥ የይዞታ ካርታ ፈልጎ መስኮት ላይ የቆመ ሰው «ሲስተም የለም» ሲባል ሁሉም የሚያማው ኢንተርኔቱን ነው። ያንኑ ጥያቄ የካርታው መረጃ በተቀመጠበት ዋና ኮምፒውተር (ሰርቨር) ላይ ተቀምጦ መሞከር ግን ቀላል ነው። እዚያም ከዘገየ መስመሩ ጥፋት የለበትም።

አራት ማዕዘን ያለው አንድ ይዞታ እንውሰድ። መነሻው ነጥብ መዝጊያም ስለሆነ 5 ነጥብ ይጻፋል፤ በዩቲኤም (ቦታን በሜትር በሚገልጽ የካርታ መጋጠሚያ) እስከ ሴንቲሜትር ሲጻፍ 100 ባይት ገደማ ነው። በጂኤምኤል (በኤክስኤምኤል፣ ማለትም መረጃን በምልክቶች ከብቦ በሚጽፍ ቋንቋ፣ በተሠራ የካርታ መረጃ መላኪያ ቅርጽ) ሲላክ የይዞታውን ቅርጽ (ፖሊጎኑን) የሚከፍቱና የሚዘጉ ምልክቶች (ታጎች) ብቻ ከ150 ባይት ይበልጣሉ፤ ገለባው ከፍሬው በለጠ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድግግሞሽ በጂዚፕ (ፋይል በሚያሳንስ ዘዴ) ሲታመቅ በእጅጉ ይቀንሳል። ጂዚፕን ሰርቨሩ ላይ ማብራት ብቻውን አይበቃም፤ ጠያቂው ፕሮግራምም ጂዚፕ እንደሚቀበል ካላሳወቀ መልሱ ሳይታመቅ ይመጣል።

የአየር ፎቶ ሌላ ጣጣ አለው። በሶፕ (ፕሮግራሞች በኤክስኤምኤል በሚለዋወጡበት ደንብ) መልእክት ውስጥ ሲከተት በቤዝ64 ዘዴ ወደ ፊደል ስለሚቀየር 3 ባይቱ 4 ይሆናል። 60 ሜጋባይት የነበረው 80 ይደርሳል፤ በሴኮንድ 4 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ይህ የ40 ሴኮንድ ተጨማሪ ጥበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጸደቀው ኤምቶም የተባለው የሶፕ አላላክ ደንብ ፎቶውን ከኤክስኤምኤሉ አውጥቶ በጥሬው አባሪ አድርጎ ይልካል።

ከሁሉ የከፋው የከተማውን ይዞታ በሙሉ በአንድ ጥያቄ መጥራት ነው። ተቀባዩ በዶም (ሰነዱን በሙሉ በአንዴ በሚጭን ዘዴ) ካነበበ ሰነዱ የፋይሉን ብዙ እጥፍ ራም ይበላል፤ ኮምፒውተሩ ይደርቃል፤ አሁንም ኔትወርኩ ይታማል። በደብሊውኤፍኤስ 2.0 (የካርታ መረጃ በኢንተርኔት መጠየቂያ ደንብ) በካውንት (ብዛት) እና በስታርትኢንዴክስ (መነሻ ተራ) አንድ ሺህ አንድ ሺህ እያሉ መጥራት ይሻላል። ቅደም ተከተሉን የሚወስነው ሶርትባይ ከተረሳ ግን አንዱ ይዞታ ሁለቴ ሲመጣ ሌላው ጭራሽ ሊቀር ይችላል፤ በካዳስተር (የመሬት ይዞታ ምዝገባ) ሥራ ደግሞ የቀረው ይዞታ ባለቤት አለው።

ጂኦጄሰን የተባለው ሌላ የመላኪያ ቅርጽ ከጂኤምኤል ይቀላል፤ ለድረ ገጽ ካርታ እኛም የምንመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ደብሊውኤፍኤስ 2.0 በኢፒኤስጂ 4326 (ቦታን በዲግሪ በሚገልጽ መጋጠሚያ) ሲመልስ ደግሞ ኬክሮስን። ከተገላበጠ አዳማ ጣሊያን፣ ሰርዲኒያ ደሴት ላይ ታርፋለች። ይህንንስ ማንም ያየዋል። ቶሎ የማይታየው አዲንዳን በተባለው በቆየው የልኬት መነሻ የተወሰደውን መጋጠሚያ ሳይቀይሩ፣ ጂፒኤስ በሚጠቀምበት በደብሊውጂኤስ 84 ስም መላክ ነው፦ መልእክቱ በቅጽበት ይደርሳል፤ ይዞታው ከ200 ሜትር በላይ ተንሸራቶ ሌላ ሰው ግቢ ውስጥ ይገኛል።

የጂአይኤስ (የካርታ መረጃ ሥርዓት) ባለሙያዎች፣ ከአዳማ