በልተሽ ደውዪ

የኔ ሆድ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የአባትሽም ስኳር ወርዷል።

እዚያ ያለችው ጓደኛሽ ለእናቷ ነገረች፣ እናቷ ለኔ። በቀን አንዴ ነው የምትበዪው አሉ። ያውም ያን በፈላ ውሃ የሚደርሰውን ፓስታ። ደግሞ የላቦራቶሪውን ዋና ሥራ ለሌላ ሰጥተው አንቺን ረዳት ስላደረጉሽ ትምህርቱን ጥለሽ ልትመጪ ነው አሉ። ይህን ከሰው አፍ መስማት ነበረብኝ? ስልክ አንስተሽ «እማዬ» ማለት አቃተሽ?

ይሁን። መጀመሪያ ብዪ። ሌላው በኋላ ይደርሳል።

አምና ከቶኮሮ፣ ከዚያች የሰሜን ጃፓን ከተማ፣ የላክሽልኝ ፎቶ ትዝ ይልሻል? በረዶ ላይ ድንጋይ የሚያንሸራትቱበት አዳራሽ። ሰሞኑን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወንድምሽን ስለዚያ ጨዋታ አንብብልኝ አልኩት። ከርሊንግ ይሉታል። ድንጋዩ 20 ኪሎ ገደማ ነው። አንዷ ትለቀዋለች፣ ሁለቱ ከፊት ከፊቱ በረዶውን በመጥረጊያ ይፈገፍጉለታል። ወንድምሽ ሳቀ። እኔ ግን ማሪ ሞቶሃሺ ላይ ስንደርስ ተነስቼ ቁጭ አልኩ።

የዚያው የቶኮሮ ልጅ ናት። ጨዋታው እዚያ ሲገባ ድንጋይ ስላልነበራቸው በትንንሽ የቢራ በርሜል ነበር የሚጫወቱት። የመጀመሪያውን አዳራሽ የሠሩት በፈረንጆቹ በ1988 ነው። እሷ አድጋ ለአኦሞሪ ቡድን ተጫወተች። በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ቫንኩቨር ኦሊምፒክ ሄደች። ሜዳሊያ የለም፤ ሰባተኛ፣ ከዚያ ስምንተኛ። ስሟ ግን ታወቀ። በዚያው በ2010፣ በ24 ዓመቷ፣ ያን ትታ ወደ ትውልድ ቦታዋ ገባችና ከአካባቢው ልጆች ጋር ሎኮ ሶላሬ የሚባል ቡድን አቋቋመች።

«እሷስ ተመልሳ የለ?» እንዳትዪኝ! እሷ የተመለሰችው ልትሠራ ነው። አንቺ አኩርፈሽ ነው።

በ2015 ሳትሱኪ ፉጂሳዋ የምትባል ጎበዝ መጥታ የቡድኑን መሪነት ያዘች። በዚያው ዓመት ማሪ ወለደች። በኋላ ስትመለስ ድርሻዋ ተጠባባቂነት ሆነ። ገባሽ? ራሷ ባቋቋመችው ቡድን! በ2018 ፒዮንግቻንግ ኦሊምፒክ ላይ ከአራቱ ተጫዋቾች ሌላ አምስተኛዋ እሷ ነበረች። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ተጠባባቂ ወንበር አሙቆ አይውልም። ማታ በረዶው ላይ ወርዶ ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል፤ የትኛው ይፈጥናል፣ የትኛው ይበልጥ ይታጠፋል እያለ ለነገ ያዘጋጃል። ብሪታንያን 5 ለ 3 ረትተው ነሐስ ወሰዱ። ጃፓን በከርሊንግ ያገኘችው የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ነው። ማሪም አንገቷ ላይ አጠለቀች።

ደግሞ ስሚኝ። ጨዋታው ግማሽ ላይ ሲደርስ እረፍት አለ፣ ቁጭ ብለው ይበላሉ! በኦሊምፒክ መሀል፣ ዓለም በቲቪ እያያቸው፣ እንጆሪና የአገራቸው የኪታሚ የቺዝ ኬክ። ኬኩ ከየሱቁ አለቀ። በዚያ ጭንቀት እነሱ ከበሉ አንቺን ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ያስርብሻል? ጾሙንም ቢሆን የንስሐ አባታችን «ተማሪ ናት፣ አቅሟን ትይ» ብለዋል። ብዪ።

የአክስትሽን የመረብ ኳስ ነገር ታውቂያለሽ። ግማሹን ነው የምታውቂው። ደሴ እያለን እንደሷ የሚዘል አልነበረም። አዲስ አበባ ለውድድር ሊሄዱ ሳምንት ሲቀራቸው አሰልጣኙ ተጠባባቂ አደረጋት። ማሊያዋን አጥሩ ላይ ሰቅላ መጣች። አያትሽ ምንም አላለችም፣ ቡና አፈላች። ቡድኑ በሄደ በሦስተኛው ቀን ቦታዋን የያዘችው ልጅ እግሯ ዞረ፣ የሚተካት ጠፋ። ይህን የሰማነው በዓመቱ ነው። እስከ ዛሬ መረብ ኳስ በቲቪ ሲመጣ አክስትሽ ወጥ ላማስል ብላ ትነሳለች። ወጥ ሳይጣድ። ደግሞ እንዳትነግሪያት፣ ታኮርፈኛለች።

ምን ልልሽ ነበር? አዎ። ረዳት ካደረጉሽ ረዳትነቱን አሳምረሽ ሥሪ። አትምጪ አላልኩሽም። አልጋሽ እንዳለ ነው፣ ወንድምሽ ልብሱን ቢከምርበትም። ግን ተርበሽና ተናደሽ አትወስኚ። ብዪ፣ ተኚ፣ ከዚያ ንገሪኝ።

ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮና በሶ በሰው ልኬልሻለሁ። በጥቁር ፌስታል የታሰረው በርበሬ ነው፣ ተጠንቅቀሽ ፍቺው። ዳቦ ቆሎውን ላቦራቶሪ ይዘሽ ግቢ። ለሁሉም አቅምሺ፣ ዋናውን ሥራ ለወሰደውም ልጅ ጭምር። የካፖርትሽን ዚፕ ደግሞ አሠሪው፣ በዚያ ብርድ በመርፌ ቁልፍ አይኬድም።

እሁድ ደውዪ። እናንተ ጋ ማታ 8 ሲል እኛም ጋ 8 ሰዓት ነው፣ የቀኑ። አባትሽ ያኔ ቤት ነው። በልተሽ ደውዪ።

እናትሽ