ግልጽ ደብዳቤ፦ የተያዘው ጎረቤታችን ዳኛ ፊት ይቅረብ

ለከተማችን ፖሊስ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወሎ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው ቢሮዎ ድረስ ያመጣነው አቤቱታ ሰሚ በማጣቱ ነው። ለመርማሪው በቃል አመለከትን፣ ለጸሐፊዎ በጽሑፍ ሰጠን፤ ቅሬያችን (የሰፈራችን ዕድር) የወከላቸው ሽማግሌዎች፣ ሼሁም ቄሱም አብረው፣ ደጅዎ ላይ ሲጠብቁ ውለው «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው ተመለሱ።

ጉዳዩን ያውቁታል። በገበያው ዳር በረንዳ ላይ ልብስ እየሰፋ እናቱንና እህቶቹን የሚያስተዳድር የሰፈራችን ወጣት ከመግሪብ በኋላ ከቤቱ ተወሰደ። የወሰዱት ሰዎች የፍርድ ቤት ትእዛዝ አላሳዩም፤ በምን እንደተጠረጠረም አልነገሩትም። በማግሥቱ እናቱ ምግብ ይዘው ሲመጡ ተረኛው መዝገቡን ገልጦ «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ የለም» አላቸው። እሳቸው ግን ከበሩ አልተነቃነቁም። ረፋዱ ላይ ሌላ ጥበቃ ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ እንጀራውን ገልብጦ ፈተሸና ወደ ውስጥ አስገባው፤ ከሰዓት በኋላም ባዶውን መለሰላቸው። ከዚያ ወዲህ ከሳምንት በላይ እንዲሁ ሆኗል። በመዝገቡ የለም የተባለው ሰው ምግቡን እየበላ ነው። እናቱ ልጃቸው በሕይወት መኖሩን የሚያውቁት ከዚያ ባዶ ምሳ ዕቃ ብቻ ነው። «ፍቱልኝ መች አልኩ? ጥፋት ካለበት ይጠየቅ፤ ብቻ ዓይኑን አሳዩኝ» ይላሉ።

ሕጉን ለእርስዎ መንገር አይገባኝም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፣ የተያዘበትም ምክንያት ወዲያውኑ እንዲነገረው ያዛል፤ ከ48 ሰዓቱ ውጭ የሚታሰበው ለመንገድ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ከጣቢያዎ እስከ ፍርድ ቤቱ ያለው መንገድ ደግሞ የአንድ ቁልቁለት የእግር ጉዞ ነው። አንቀጽ 21 በቤተሰቡ፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት ይሰጠዋል። ይህ ሕግ ትናንት የመጣም አይደለም፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ 48 ሰዓት ደንግጎ ነበር። ንጉሡም፣ ደርጉም፣ ከዚያ በኋላ የመጣውም መንግሥት ሲጥሱት ኖረዋል፤ የተጣሰ ሕግ ግን የተሻረ ሕግ አይደለም።

በዚህ 48 ሰዓት ላይ አጥብቄ የምከራከረው ሰው ከተያዘበት ጊዜ አንስቶ ዳኛ ፊት እስኪቀርብ ያለው ጊዜ ማንም የማያየው ጊዜ በመሆኑ ነው። ድብደባ የሚፈጸመው፣ የእምነት ቃል በግድ የሚወሰደው፣ ሰው ደብዛው የሚጠፋው በዚያ መካከል ነው። ዳኛው ልጁን ጥፋተኛ ሊለው ይችላል፣ በዋስ ሊለቀውም ይችላል፤ ከሁሉ በፊት ግን ቆሞ ያየዋል፣ ስሙን በመዝገብ ያጽፋል፣ «ምን ደረሰብህ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ባለ ገንዘቡ ሲያዝ የሚደውልለት ባለሥልጣን አያጣም። ልብስ ሰፊው ግን ከዚህ ሕግ በቀር የሚደውልለት የለውም።

መርማሪዎ «ጊዜው አስቸጋሪ ነው» ብሎናል። አስቸጋሪ መሆኑን እኛም እናውቃለን፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደጃችን ሲገባ ሕግ የሌለበት አገር ምን እንደሚመስል አይተናል፤ እንዲህ የምንናገረውም ስላየነው ነው። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ታውጆ በኋላም ለአራት ወር የተራዘመው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ደግሞም በየትኛውም የአስቸኳይ ጊዜ ቢሆን ሰውን ከኢሰብአዊ አያያዝ የሚጠብቀው አንቀጽ 18 ሊታገድ እንደማይችል አንቀጽ 93 በግልጽ ይናገራል።

እኛም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም። ቅሬያችን እስከ ዛሬ ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ያስተዛዝናል፤ አሁን ደግሞ ጎረቤት ሲታሰር ቤተሰቡን ብቻውን ላለመተው ተስማምተናል። ከእንግዲህ ከሰፈራችን ሰው ሲያዝ ሰዓቱን፣ የያዙትን ሰዎችና የተወሰደበትን ቦታ እንጽፋለን፤ እናቱ ወይም ሚስቱ ወደ ጣቢያ ስትመጣ ሁለት ሦስት ሆነን አብረናት እንመጣለን፤ አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ፣ ማለትም የተያዘው ሰው ዳኛ ፊት እንዲቀርብ ፍርድ ቤቱን የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ ለሚጽፍላት ባለሙያ ከመዋጮው እንከፍላለን። ሦስተኛ ወገንም ማመልከት ስለሚፈቀድለት ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን እናመለክታለን። ከዚህ ውስጥ አንዱም አመፅ አይደለም፤ ማንም ተራ ሰው ሊያደርገው የሚችል ነው። ስለዚህ ወጣቶቻችንን «እነማን ናቸው የሚያስተባብሩት?» እያላችሁ መጠየቃችሁን አቁሙ፤ የምናስተባብረው ሁላችንም ነን።

የልጁ ስም ዛሬውኑ በመዝገብ ይስፈር፣ እናቱ ይዩት፣ ነገ ጠዋትም ዳኛ ፊት ይቅረብ። ያስያዘው ምክንያት ካለ በጽሑፍ ይነገረን። አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታው ተጽፎ፣ እናቱ ፈርመውበት፣ በእጃችን ነው፤ ነገ ችሎት ሲከፈት ልጁን እርስዎ ካላቀረቡት እኛ አቤቱታውን ይዘን እንቀርባለን።

ከቅሬው አባላት አንዱ
ወሎ