«ፖርት የለም» ብላችሁ የመለሳችሁኝ ደንበኛ ነኝ

ይድረስ ለቤት ኢንተርኔት ደንበኞች አገልግሎት ክፍል
ከደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ

ጉዳዩ፦ ቤቴ ኢንተርኔት ስላለመግባቱና ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሚሆን ታሪፍ ስለሌላችሁ

ሰላም ለናንተ ይሁን።

ይህን የምጽፈው በጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ነው። ጣቴ ገና አልሞቀም፣ ፊደል ብገድፍ ይቅር በሉኝ። ደብረ ብርሃን በታኅሣሥ ምን እንደምትመስል ካላወቃችሁ አንድ ቀን ማልዳችሁ ብቅ በሉ፤ ደጅ ያደረ ባልዲ ላይ በረዶ ታገኛላችሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሦስት ልጆች አሉኝ። ትልቋ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ መሀለኛው 8ኛ፣ ትንሹ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው። የምንኖረው በኪራይ ነው፣ አምስት አባወራ ባለበት ጊቢ ውስጥ።

መስከረም ላይ የዩኒፎርም ሥራ ደህና ገንዘብ ስላስገባልኝ ቢሯችሁ ሄድኩ። ሁለት ሰዓት ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ጥሩ ሰው ናት፣ እሷን አልወቅስም። ፎርም ሞላሁ፣ መታወቂያ ሰጠሁ። ከዚያ «ቤቱ የራስዎ ነው?» አለችኝ። አይደለም አልኳት። እንግዲያው አከራይዎ መጥተው ይፈርሙ ተባለ። አከራያችን እትዬ ሰባውን የተሻገሩ ሴት ናቸው፣ «ግድግዳዬ አይበሳም» ብለው ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ አሉኝ፤ በአራተኛው ቀን ለጥምቀት ቀሚስ በነጻ እሰፋልዎታለሁ ብዬ፣ ክንዳቸውን ደግፌ፣ ባጃጅ ከፍዬ ይዣቸው መጣሁ። ፈረሙ። እስከዚህ ድረስ ከኪሴ የወጣውን አልቆጥርባችሁም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ባለሙያው መጣ። መሰላሉን ምሰሶው ላይ አስደግፎ ወጣ። ሳጥኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ፣ ወረደ።

«ፖርት የለም» አለኝ፤ ሳጥኑ ውስጥ የአንድ ቤት መስመር የሚሰካበት ክፍት ቦታ የለም ማለቱ ነው።

«መቼ ይኖራል ወንድሜ?»

«ሲኖር ይደወልልዎታል።»

ይኸው ሦስት ወር ሊሞላ ነው። ስልኬ የሚጮኸው ለናንተው የዕጣ ማስታወቂያ መልእክት ብቻ ነው።

ያ ሳጥን ከበሬ ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ገመዳችሁ በጣሪያዬ አናት ያልፋል፤ ርግብ ያርፍበታል፣ ልጆቼ ግን አይጠቀሙበትም። ልጄ እንዳስረዳችኝ ከአንድ የፋይበር ክር በማከፋፈያ እስከ 32 ቤት ድረስ ማዳረስ የተለመደ አሠራር ነው። ስለዚህ «ፖርት የለም» ማለት ቴክኖሎጂው አልቻለም ማለት አይደለም። ለዚህ ሰፈር ሌላ ማከፋፈያ አላመጣንም ማለት ነው። ለምን አላመጣችሁም? ከኛ ወረድ ብሎ ለተሠራው አዲስ ፎቅ ኅዳር ላይ ገብቶለታል። መሰላሉን ቆሜ አይቻለሁ። ያው የኔው ባለሙያ ነበር፣ ሰላም አልኩት፣ አፍሮ ቀና አላለም።

እሺ፣ ፖርቱ ይቅር። በስልክ ስደውል ሌላ አማራጭ ነገራችሁኝ፤ ሲም ካርድ የሚገባበት ገመድ አልባ ራውተር አለ አላችሁ። ደስ አለኝ። ዋጋውን ስጠይቅ መሣሪያው በአንድ ጊዜ የሚከፈል ሆኖ አገኘሁት፣ ያውም ከወር የቤት ኪራዬ ይበልጣል። ከፋፍዬ ብከፍልስ? «ሲስተሙ አይቀበልም።» እኔ እኮ በአንድ የእግር ማሽንና በአንድ ደብተር ነው የምሠራው፤ ለዩኒፎርም ግማሹን አሁን፣ ግማሹን ጥቅምት ላይ እያልኩ የስንቱን ልጅ ልብስ ሰፍቻለሁ። የኔ ሲስተም ደብተሬ ናት፣ ትቀበላለች። እናንተ ያን ሁሉ ኮምፒውተር ደርድራችሁ የአንድ ራውተር ዋጋ በስድስት ወር መቀበል እንዴት አቃታችሁ?

አሁን ወደ ዋናው ቅሬታዬ ልግባ። ፖርቱን አንድ ቀን ታመጡ ይሆናል። የዋጋችሁ ነገር ግን ፖርት ቢመጣም አይቀየርም።

ጥቅምት ላይ እልህ ይዞኝ ለሞባይል ዳታ ያወጣነውን በሙሉ ደብተር ላይ ጻፍኩ። የቀን ጥቅል፣ የማታ ጥቅል፣ «አባዬ አስር ብር ብቻ ሙላልኝ»፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሳንጨርሰው የሚቃጠለው። ሲደመር 640 ብር መጣ። ከሱቋ የማገኘው በደህና ወር 8,000 ብር ነው። ስለዚህ ከመቶ ብር ስምንቱ ለዳታ ሄደ ማለት ነው። የተባበሩት መንግሥታት የብሮድባንድ ኮሚሽን ደግሞ እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ድረስ የመነሻ ኢንተርኔት ዋጋ ከአንድ ሰው አማካይ የወር ገቢ 2 በመቶ በታች እንዲሆን ግብ አስቀምጦ ነበር። በኔ ገቢ ሲሰላ 160 ብር ነው። እኔ አራት እጥፉን ከፍያለሁ፣ ያውም ቤቴ ኢንተርኔት የለም!

የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሀብታም ከሰል በጆንያ ይገዛል፣ እኛ በፌስታል። ዘይት እሱ በጀሪካን፣ እኛ በኩባያ። በፌስታል የሚገዛ ሰው ጆንያውን ሲጨርስ ከባለ ጆንያው አስበልጦ ከፍሏል፤ ይህን ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቀዋል። ኢንተርኔታችሁም እንደዚያው ሆኗል። ባለ ፎቁ ወር ሙሉ እንደልቡ ይጠቀማል፣ እኛ በጭልፋ እየተሰፈረልን፣ ለአንዱ ጭልፋ ከሱ የበለጠ እንከፍላለን። መክፈል ስለማንችል አይደለም የቀረን። እየከፈልን ነው። በአንድ ጊዜ ብዙ መክፈል ስለማንችል ነው የቀረን። ይህን ልዩነት የምታዩበት ዓይን የላችሁም።

ስለ ትልቋ ልጄ አንድ ነገር ላውራችሁ። ባለፈው ሳምንት ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ጓደኛዋ ጋ ናት ብዬ ልወስዳት ወጣሁ። ያገኘኋት አስፋልት ዳር ካለው ካፌ አጥር ሥር፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነው። ጋቢ ተከናንባለች፣ ስልኩ ጋቢው ውስጥ ነው፣ ፊቷ ብቻ ያበራል። ካፌው ውስጥ ሻይ የጠጣ ሰው ፓስወርድ ይሰጠዋል፤ እሷ ቀን አንድ ሻይ ጠጥታ ማታ ትመለሳለች፣ ፓስወርዱ እስኪቀየር። እጇን ያዝኩት። ባለፈው ዓመት የሰፋሁላት የሱፍ ጓንት ነው፣ የቀኙ ሌባ ጣት ተቆርጧል፣ ስልኩን እንድትነካበት። ጫፉ እንዳይተረተር ደግሞ ዙሪያውን ቀምቅማዋለች። ቅምቀማው ከኔ ያልተናነሰ ነው። ልቆጣ ነበር፣ አፌ ተያዘ።

«አባዬ፣ 71 በመቶ ላይ ደርሷል፣ ትንሽ ጠብቀኝ» አለችኝ።

የድሮ የፊዚክስ ፈተና ነው የምታወርደው፣ መምህራቸው ቴሌግራም ላይ የለቀቀውን። ቆሜ ጠበቅኳት። ብርዱን አልነግራችሁም።

ትምህርት ቤቱ ማስታወሻ የሚልከው በቴሌግራም፣ የማትሪክ ውጤት የሚታየው በኦንላይን ነው፤ ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ፈተናውንም በኦንላይን የሚወስዱ ተማሪዎች አሉ። የኔዋ ኪቦርድ የነካችው በትምህርት ቤቱ ላብራቶሪ ነው፣ እሱም መብራት ባለበት ቀን።

እናንተ ማስታወቂያችሁ ላይ የምታሳዩት ሶፋ ላይ ተቀምጦ ፊልም የሚያይ ቤተሰብ ነው። ሶፋ የለንም፣ ፊልሙም ይቅርብን። 100 ሜጋ አልጠየቅኳችሁም። በሰከንድ 4 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር 20 ሜጋባይት ያለው የጥያቄ ወረቀት በ40 ሰከንድ ይወርዳል (አንድ ሜጋባይት ስምንት ሜጋቢት ነው)፤ ልጄ ናት ያሰላችው። እናንተ ግን እንዲህ ያለ ትንሽ ነገር አትሸጡም፤ ዝቅተኛው ጥቅላችሁ ለኛ ከፍተኛ ነው።

የአክስቴ ልጅ አሜሪካ ትኖራለች፣ ጽዳት ነው የምትሠራው። እዚያ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ ከቤት ኢንተርኔት ክፍያ ላይ በወር እስከ 30 ዶላር መንግሥት የሚሸፍንበት ፕሮግራም ነበር። ከ23 ሚሊዮን በላይ ቤተሰብ ተመዝግቦበት ነበር። እሷም ከነሱ አንዷ ነበረች። ከዚያ የተመደበው ገንዘብ አለቀና በ2024 እ.ኤ.አ. በግንቦት መጨረሻ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ሂሳቧ ወደ ሙሉው ዋጋ ተመለሰ። ይህን የማነሳው አሜሪካን ምሰሉ ለማለት አይደለም። የኔ ፍርሃት ሌላ ነው፤ ይህን ደብዳቤ አይታችሁ ለአንድ በዓል «ልዩ ቅናሽ» ብላችሁ ፊኛ ሰቅላችሁ፣ ሃያ ልጅ ፎቶ አንስታችሁ ትገላገሉኛላችሁ ብዬ ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ችሮታ አልጠየቅኩም። ከጥቅሎቻችሁ ተርታ የሚቀመጥ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሸጥ ታሪፍ ነው የጠየቅኩት፤ ቀስ ያለ ይሁን፣ ግን ዳታው የማይቆጠር፣ በሳምንት የሚከፈል። እኔ የማገኘው በሳምንት ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ሲሆን። ራውተሩንም በትንሽ በትንሹ ልክፈል። ካልከፈልኩ ዝጉብኝ፣ መብራትም ይዘጋብኛል እኮ።

አንድ ደግሞ አለ። ፎርማችሁ ጀርባ ላይ፣ በደቂቅ ጽሑፍ፣ መስመሩን ለሌላ ቤት ማካፈል ክልክል ነው ይላል። ይህን የጻፈው ሰው ጊቢ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። እኛ አምስት አባወራ አንድ ቆጣሪ ነው ያለን፤ የመብራቱን ሂሳብ በአምፖል ቁጥር እንካፈላለን፣ ውሃውን በሰው ቁጥር። እትዬ አንድ አምፖል ስላላቸው ትንሽ ይከፍላሉ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ያላት ብዙ ትከፍላለች፣ በዚህ ተጣልተን አናውቅም (በውሃው አንዴ ተጣልተናል፣ እሱ ሌላ ታሪክ ነው)። ኢንተርኔቱን እንደዚሁ ለምን አንካፈልም? አንድ ፖርት፣ አምስት ቤት፣ አስራ አንድ ተማሪ። ፖርት አጥሮናል የምትሉት እናንተ ናችሁ፣ እኔ እንደውም እያገዝኳችሁ ነው። የጊቢ ውል የሚባል ነገር አውጡ። አምስታችንም እንፈርማለን፣ እትዬም ይፈርማሉ፣ ቀሚሳቸው ደርሷል።

የኪራይ ቤቱንም ነገር አስቡበት። የአከራይ ፊርማ ለገመድ ቢሆን ይገባኛል፣ ግድግዳ ይበሳል። ለገመድ አልባው ራውተርም ስትጠይቁ ግን ምን ልትበሱ ነው?

በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የደንበኛ ቅሬታ እንደሚያይ አውቃለሁ። ግልባጭ አዘጋጅቻለሁ፣ አልላክሁትም። መጀመሪያ ከባለቤቱ ጋር መነጋገር ይሻላል ብዬ ነው። እስከ ጥር 30 ቀን እጠብቃለሁ። ስትመልሱልኝ «ቅሬታዎ ደርሶናል፣ እናመሰግናለን» የሚለውን እንዳትልኩ፣ እሱ ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። ለጠባሴ ማከፋፈያ መቼ እንደሚመጣ ቀኑን ጻፉልኝ፤ የራውተሩን ክፍያ በስንት ወር እንደምትቀበሉ ቁጥሩን ጻፉልኝ። እምቢ ከሆነም እምቢ በሉኝ።

ባለሙያ ከላካችሁ ጠዋት ቤት ሰው አለ፣ ከሰዓት በኋላ ሱቅ ነኝ። መሰላል አለኝ፣ መሸከም አያስፈልገውም። ውሻው ይታሰራል።

ከአክብሮት ጋር፣
በመስከረም የተመዘገብኩት ልብስ ሰፊ