ጀርባውንም ቀቡት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በቅርቡ ለጀማሪ ሠዓሊዎች ባወጣችሁት ጽሑፍ «ሸራ ካጣችሁ ጣውላ ላይ ሳሉ» ብላችኋል። ምክሩ ደግ ነው። ግን የትኛው ጣውላ? እዚህ ላይ ዝም ማለታችሁ ቆጨኝ፤ እኔ ዋጋውን ከፍዬበታለሁና።

አንድ ጊዜ ወፍራም ሳንቃ ላይ የአሮጊት ፊት ሳልኩ። ፊት ለፊቱን ሦስት ዙር ጄሶ፣ ማለትም ከሥዕሉ በፊት የሚቀባውን ነጭ መደብ፣ ቀባሁ። ጀርባውን ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት። እርጥበት ሲመጣ ሳንቃው ጎበጠ። ሲደርቅ ደግሞ ከጆሮዋ እስከ አገጯ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ወረደ።

እንጨት ከተቆረጠም በኋላ እርጥበት ይጠጣል፣ መልሶም ይተፋል። በርዝመቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ በወርዱ ግን ይሰፋል፣ ይጠባል። አንድ ወገኑን ብቻ ካሸጉት ሁለቱ ፊቶች እኩል አይሄዱም። ሞናሊዛም የተሳለችው ፖፕላር በሚባል እንጨት ላይ ነው፤ ከላይኛው ጠርዝ ወደ ራሷ የሚወርድ 11 ሴንቲ ሜትር ያህል ስንጥቅ አለባት። ዳ ቪንቺን ያልማረ እንጨት እኔን ሊምር ነው?

አሁን የምሠራው በኮምፔንሳቶ ነው። ንብርብሮቹ ተሻግረው ስለተጣበቁ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል። ስትገዙ ጠርዙን እዩት፤ በንብርብሮቹ መሃል ክፍተት ካለ ተዉት። ኤምዲኤፍ፣ ከደቀቀ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ፣ ልስልስ ነው፣ መስመርም የለውም፤ ለትንንሽ ሥራ እወደዋለሁ። ሲተልቅ ግን ይከብዳል። ጠርዙ ውሃ ካገኘ ያብጣል፤ በማዕዘኑ ከወደቀ አለቀለት።

ሌላው ጣጣ እንጨቱ ቀለም መትፋቱ ነው። በውሃ የሚበጠበጥ ጄሶ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ሲቀባ ቡናማውን ከውስጥ ስቦ ያወጣዋል። አንድ ነጭ ሰማዬ ሻይ የተደፋበት መስሎ ቀርቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀለም የሌለው አክሪሊክ ማሸጊያ ሁለት ጊዜ ቀብቼ አደርቃለሁ፤ ፊቱንም፣ ጀርባውንም፣ ጠርዙንም። ከዚያ ጄሶ፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት። አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። ግን ብሩሹ ሲያርፍበት እንደ ሸራ አይነጥርም፤ ቀጭን መስመር ለሚወድ ሰው ይህ ብቻ ይበቃዋል።

አሮጊቷ አሁንም ግድግዳዬ ላይ ናት። እንግዳ ሁሉ ስንጥቁን አይቶ «ሆን ብለህ ነው?» ይለኛል። አዎ እላለሁ።

አንባቢያችሁ የሆንኩ ሠዓሊ