የተደጋገመ የኮንትሮለር ኮድ

ሰላም ለሁላችሁም፣

ይቺ በላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ለምትሠሩ ናት። ኮድ ስንገመግም አንድ ነገር እየተደጋገመ ነው። የተጠቃሚን ጥያቄ በሚያስተናግዱት ክላሶች፣ ማለትም በኮንትሮለሮቹ፣ አዲስ መዝገብ በሚያስገባው ስቶር እና ነባሩን በሚያድሰው አፕዴት ሜተድ ውስጥ ያው የቫሊዴሽን (የገባን መረጃ መፈተሻ) ሕግ ኮፒ ፔስት ተደርጎ ይገኛል። አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይረሳል። ከዚያ ሲመዘገብ ያልተፈቀደ ስልክ ቁጥር፣ ፕሮፋይል ሲታደስ ሰተት ብሎ ይገባል።

መፍትሔው ሩቅ አይደለም። ፍሬምወርኩ ራሱ ፎርም ሪኩዌስት የሚባል ክላስ አለው። ሕጎቹን እዚያ አስቀምጡና ሁለቱም ሜተዶች እሱን ይቀበሉ። ኢሜይል እንዳይደገም የሚከለክለው ሕግ ግን ሲታደስ የባለቤቱን መዝገብ መዝለል አለበት። ለዚህ ኢግኖር የሚባል ሜተድ አለላችሁ። አደራ፣ ተጠቃሚው የላከውን አይዲ በቀጥታ እንዳትሰጡት! ለኤስኪውኤል ኢንጀክሽን (ወደ ዳታቤዝ በሚላክ ትእዛዝ ውስጥ ጎጂ ኮድ ለማስረግ) በር ይከፍታል። አይዲውን ከሞዴሉ ውሰዱ።

በየሜተዱ አናት ላይ የተደረደረው የፈቃድ ፍተሻ ማን ምን ማድረግ እንደሚችል ወደሚወስነው ክላስ፣ ወደ ፖሊሲ ይሂድ። መዝገብ ፈልጎ ካጣ 404 የሚመልሰውን ኮድም አጥፉት፤ በአድራሻው ላይ ባለው አይዲ መዝገቡን ራሱ የሚፈልገው ሩት ሞዴል ባይንዲንግ ይሠራላችኋል።

ድግግሞሹን ለማግኘት ጄኤስሲፒዲ የሚባለውን መሣሪያ ሞክሩ፤ ፒኤችፒም ያነባል። ቫሪያብሉ ስሙ ከተቀየረ ግን ሊያመልጠው ይችላል፤ እዚያ ላይ ዓይናችሁን እመኑ።

ደግሞ የተመሳሰለውን ሁሉ ሌሎቹ በሚወርሱት ቤዝ ኮንትሮለር ውስጥ አትጠቅጥቁ። የትእዛዝና የደረሰኝ ኮንትሮለሮች ዛሬ ቢመሳሰሉም የሚቀየሩበት ምክንያት ለየቅል ነው። እነሱን ተዉአቸው።

ከመንካታችሁ በፊት ቴስት ጻፉ። ቴስት የሌለው ማስተካከያ ሜይን (ዋናው የኮድ ቅርንጫፍ) ላይ አይገባም።