ለአዳማ ሰዎች፦ እግዜር ይስጥልኝ

ይድረስ ለአዳማ ሕዝብ፤ ባለፈው ቅዳሜ ለኮንሰርቴ አዳራሹን ሞልታችሁ ለመጣችሁም፣ ቲኬት አልቆባችሁ በር ላይ ቆማችሁ ላዳመጣችሁም።

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ጆሮዬ እስካሁን ይጮኻል። ድምፄም ተዘግቷል፤ ስልክ ያላነሳሁት ለዚያ ነው። መድረክ ላይ ማይክ ሲሰጡኝ «አመሰግናለሁ» ብዬ ወዲያው መለስኩት። አፌ ተሳሰረ። ንግግር ድሮም አይሆንልኝም። ያኔ የዋጥኩትን አሁን በጽሑፍ ልተንፍሰው።

ፖስተሩ ላይ የእኔ ፎቶ ብቻ ነበር። ያየው ሰው ይሄ ሰውዬ ጊታሩን አንግቶ ብቻውን እዚህ የደረሰ ይመስለዋል። የት ብዬ!

መጀመሪያ ባቡር ላይ ይሠሩ የነበሩት ጎረቤታችን አሉ። ያኔ ከተማችንን ናዝሬት ነበር የምንላት። የድሬዳዋና የጅቡቲ ዕቃ በባቡር ነው የሚገባው፤ ሸሚዙም፣ ካሴቱም፣ ሬዲዮውም። የመጀመሪያዋ ኤሌክትሪክ ጊታሬም በዚያው ባቡር መጣች፣ በጆንያ ተጠቅልላ። ጋሼ ገንዘቡን በአንዴ አልጠየቁኝም። «ስትሠራ ትከፍለኛለህ» አሉኝ። ከፍዬ ስጨርስ ጢም አብቅዬ ነበር።

ጊታር መጣ፤ አምፕሊፋየር የለም። ገበያው አካባቢ ጠባብ ሱቅ የነበረችው ሬዲዮ ጠጋኝ ነው ያወጣኝ። ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ ቱቦዎች ያሉት አሮጌ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነበረው። ከኋላው የሸክላ ማጫወቻ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ። የጊታሬን ገመድ ቆርጦ፣ በጥርሱ ልጦ፣ እዚያ ሰካው። ድምፁን እስከ ጥግ ሲለቀው ሬዲዮው አጓራ። እንዲህ ያለ ዕቃ ከአቅሙ በላይ ሲጫን የድምፁ ሞገድ ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል። ድምፁ ይሻክራል፣ ይወፍራል፣ ቶሎም አይሞትም። ሮከር ሁሉ ብሩን አፍስሶ የሚገዛው ዲስቶርሽን ይኸው ነው። ጠጋኙ ግን «ተቃጠለ!» ብሎ ሊያጠፋው ሲል እጁን ያዝኩት። «ተወው፣ በናትህ ተወው።» ገርሞት አየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ ማታ ሱቁን ሲዘጋ እኔን ውስጥ ይተወኝ ነበር። ቅዳሜ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ነበር። ሽበቱን እንጂ ሳቁን አልቀየረም።

ክርም ችግር ነበር። ሲበጠስ ሱቅ ሄዶ መግዛት የለም። ሳይክል አከራዩ ጓደኛችን የአሮጌ ፍሬን ሽቦ ይሰጠናል። ሽቦውን ፈተን ከውስጡ አንዷን ቀጭን ዘለላ እናወጣለን፤ እሷ አንደኛ ክር ትሆናለች። ጣት ትቆርጣለች። በከተማችን ሙቀት በላብ ወዲያው ትዝጋለች። ግን ትጮኻለች፤ ሌላ ምን እንፈልጋለን?

በቀበሌ ኪነት ጀመርኩ። እዚያ የሚመታው የታዘዘው ነው፤ ሮክ የሚባል ነገር የሚታሰብ አይደለም። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱም ተበተነ፣ ሠራዊቱም ተበተነ። ለእኔ ዕድል የሆነኝ ከምድር ጦር የሙዚቃ ክፍል የተመለሰ አንድ ጋሼ ሰፈራችን መግባቱ ነው። ኖታ ማንበብ ያስተማረኝ እሱ ነው። ክፍያው ሻይና ኒያላ ሲጋራ ነበር። አንድ ቀን ከካሴት የቃረምኩትን የአሜሪካዊውን ሮከር የጂሚ ሄንድሪክስን የጊታር ሶሎ እንደ ነገሩ አሰማሁት። አዳመጠ፣ ሲጋራውን አጠፋ፣ ከዚያ ክራር አነሳና ባቲ ማይነር በሚባለው የአገራችን ቅኝት ያንኑ መንገድ ሄደበት። እውነቱን ነው፤ ሮከሮች ሶሎ የሚያወጡባቸው አምስቱ ኖታዎችና ባቲ ማይነር አንድ ናቸው። «ይሄ ከቤትህ ያለ ነው፤ አንተ አጮኸው እንጂ» አለኝ። «የፈረንጅ ጩኸት ነው» ለሚሉኝ ሁሉ ዛሬም የምመልሰው ይህንኑ ነው። የሮሃ ባንዱን ሰላም ሥዩምን ጊታር በጥሞና እንድሰማ ያደረገኝም እሱ ነው። ነፍሱን ይማር፤ ቅዳሜን ሳያይ አለፈ።

ከዚያ ሠርግ መጣ። ስንት ድንኳን! ዕቃችንን የሚያመላልስልን ባለ ጋሪ ነበር። ድራሙ ከኋላ፣ ስፒከሩ መሃል፣ እኛ በእግር። ያ ፈረስ ከድራመራችን የተሻለ ቴምፖ ይጠብቅ ነበር። (ድራመሩ ይህን እንደሚያነብ አውቃለሁ፤ ይበልህ።) በሠርጉ ሮክ ከጀመርን ሽማግሌዎቹ ጆሯቸውን ይይዛሉ። ስለዚህ እስክስታው ሲሟሟቅ ቀስ ብዬ ዲስቶርሽኑን እከፍታለሁ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳለ ማን ያስተውላል? ለእነዚያ ሙሽሮች ሁሉ ምስጋናዬ ይድረሳችሁ። ቪዲዮአችሁ ላይ የሚሰማው ጩኸት የካሴቱ ብልሽት አይደለም፤ እኔ ነኝ።

ቀጥሎ የኪቦርዱ ዘመን መጣ። አንድ ሰው፣ አንድ ኪቦርድ፤ ከበሮውም ቤዙም ውስጡ አለ። ሆቴሎቹ ባንድ መቅጠር ተዉ። ቤዚስታችን አይሱዙ መንዳት ጀመረ። እኔ አዲስ አበባ ክለብ ለክለብ መንከራተት ያዝኩ። ደሞዜን የበላኝ የክለብ ባለቤትም አለ፤ ስሙን አልጠራም። ዛሬ ቀኑ የምስጋና ነው ብዬ እሱንም ላመሰግነው አሰብኩና ተውኩት። አላመሰግነውም።

የፈጣን መንገዱ ከመሠራቱ በፊት በሌሊት አዳማ መመለስ ቀላል አልነበረም። ወደ ጅቡቲ የሚወርዱ የከባድ መኪና ሾፌሮች ጊታሬን እንደ ሕፃን ጋቢ አልብሰው ያመጡኝ ነበር። ሂሳብ ልክፈል ስል ይቆጣሉ። እንቅልፍ እንዳይጥላቸው ጋቢና ውስጥ ትዝታ ስመታላቸው ቢሾፍቱን አልፈን ሞጆ እንደርሳለን። ከትልልቆቹ መድረኮች ሁሉ ያ ጋቢና ይበልጥብኛል።

የቀረውን ታውቁታላችሁ። ስቱዲዮ ገባሁ፣ ድምፃውያን አጀብኩ፣ አሜሪካና አውሮፓ ዞርኩ። የሮክ ባንዱ ጃኖ ባንድ ፀጉሩን አጎፍሮ፣ ጊታሩን አጩሆ ሲመጣ ደግሞ «ሮክ በአማርኛ? አይሆንም» ይሉን የነበሩት ዝም አሉ። ለእኛም በር ተከፈተ። በራሴ ስም መሥራት የቻልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በየቃለ መጠይቁ ስላወራሁት እዚህ አላራዝመውም።

ወደ ቅዳሜ ልመለስ። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ድርግም አለ። ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ መብራት እንጨት ነው። ድራመሩ ግን አላቆመም። እናንተ ደግሞ በጭብጨባ ተቀበላችሁት፤ ዜማውንም ያዛችሁለት። እኔ ጨለማ ውስጥ ቆሜ ዝም ብዬ ሰማሁ። የራሴን ዘፈን ከእኔ የተሻለ ስትዘፍኑት መስማት ትንሽ ያስቀናል። ሳሎንህን ጨለማ አድርገህ ጄኔሬተርህን በባጃጅ ጭነህ የመጣኸው ወንድሜ፣ ስምህን እንኳ ሳልጠይቅህ ሄድክ። ነዳጁንም ከኪስህ ነው የሞላኸው አሉ። እግዜር ይስጥልኝ።

ቤዚስታችንም አይሱዙውን አቁሞ መጣ። ጣቶቹ ትንሽ ደርቀዋል፤ ልቡ ግን ያው ነው።

እማዬም መጣች። «አዝማሪ ልትሆንብኝ ነው?» ብላ ጊታሬን አልጋ ሥር ትደብቅ የነበረችው እማዬ፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ስጫወት አይታኝ አታውቅም። ነጠላዋን አጣፍታ፣ ጆሮዋ ውስጥ ጥጥ ከትታ፣ እስከ መጨረሻው ቁጭ አለች። እንዴት ነበር ስላት «ደህና ነው፤ ከበሮው በዛ እንጂ» አለችኝ። በእሷ ሚዛን ይህ ትልቅ ሙገሳ ነው። ባለቤቴንና ልጆቼን እዚህ አላመሰግንም፤ እሱን ቤት ውስጥ እንጨርሰዋለን።

ወንበር የደረደራችሁ፣ በር የጠበቃችሁ፣ ከሃዋሳና ከአሰላ ድረስ የመጣችሁ፣ ከሩቅ አገር መልእክት የላካችሁ ሁሉ፣ ውለታችሁን የምከፍልበት የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። በግርግሩ መሃል ከመድረኩ ጀርባ አንድ ብርቱካናማ ፔዳል (በእግር የሚረገጥ የጊታር ድምፅ መቀየሪያ) እና አንድ ረጅም ጥቁር ገመድ ጠፍቶብኛል። ገመዱን የወሰደው ልጅ ይጠቀምበት፤ መርቄለታለሁ። ፔዳሉን ግን ሬዲዮ ጠጋኙ ሱቅ አድርስልኝ። ማንም ምንም አይጠይቅህም። እግረ መንገድህን ጊታርህን ይዘህ ና፣ እንሰማሃለን።